ራቅ ብላ የቆመችው እህት

(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

የንባብ ክፍል፦ ዘፀአት 2፥1–10

መጽሐፍ ቅዱሳችሁ በአጠገባችሁ ካለ ዘፀአት ምዕራፍ ሁለትን ግለጡና ከቁጥር አንድ እስከ አሥር አንብቡልኝ። ታሪኩን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ሣጥኑን፣ ቄጠማውን፣ የፈርዖንን ልጅ። ዛሬ ግን እንደማናውቀው ሆነን እንየው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ሴቶች አሉ። አንዷ ወልዳለች። አንዷ ከውኃ አውጥታ ልጄ ብላዋለች። ሦስተኛዋ ግን ገና ልጅ ናት፤ አልወለደችም፣ አላሳደገችም፣ ገንዘብ የላት፣ ሥልጣን የላት። ራቅ ብላ ቆማ ወንድሟ ምን እንደሚሆን ታያለች፤ በቃ። ስሟ እንኳ እዚህ ምዕራፍ ላይ አልተጻፈም። ሚርያም ናት የምንለው የሙሴ እህት ስም በሌላ ስፍራ፣ በዘኁልቁ 26፥59 ስለተጠቀሰ ነው። ግን እስቲ አስቡት፦ ይህች ልጅ ሮጣ ሁለቱን እናቶች ባታገናኝ ኖሮ ሙሴ የእናቱን ጡት ባልጠባ፣ ወገኖቹ እነማን እንደሆኑም ባላወቀ ነበር። በቤተ መንግሥት ያደገው ልጅ የዕብራውያን ልጅ መሆኑን ያወቀው እንዲሁ አይደለም። አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማ ስላየች ነው፤ አይታም ዝም ስላላለች ነው።

የዛሬው ቃሌ ስለዚህች ልጅ ነው። ስለ ጉዲፈቻ ነው፤ ከአገራችን ተነሥተው በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቤት ስላደጉ ልጆች። እነሱን ስላሳደጉ ቤተሰቦች፣ ስለወለዷቸውም እናቶች። ቤተ ክርስቲያንም በመካከል የቆመችው እህት መሆን ሲገባት ሳትሆን ስለቀረችበት ጊዜ ነው። ስለ ሌላ ሰው አላወራም፤ ከራሴ ልጀምር።

2000 ዓ.ም. ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ከተመረቅሁ ዓመት አልሞላኝም፤ በደቡብ አንዲት ከተማ ረዳት አገልጋይ ነበርኩ። ባሏ የሞተባት የአራት ልጆች እናት የሆነች እህት በመካከላችን ነበረች። ጉሊት ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ትሸጣለች። አንድ ቀን ከኤጀንሲ ከመጣ ሰው ጋር ቢሮዬ ገባች። የመጨረሻው ልጇ፣ የአራት ዓመት ልጅ፣ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ነው። ከእኛ የተፈለገው ችግረኛ መሆኗን የሚመሰክር ደብዳቤ ነው። ጻፍኩላት። ማኅተም አደረግሁበት። ሰውዬው ሌሎች ወረቀቶችም ዘረጋ። እሷ ማንበብ አትችልም፤ እኔ እችላለሁ። አላነበብኩም።

«ፓስተር፣ ልጄ ይመለሳል ወይ?» አለችኝ።

«ተምሮ ይመጣል፤ አንቺንም ይጦርሻል። እስከዚያ ደብዳቤና ፎቶ ይልኩልሻል» አልኳት።

ይህን ማን ነገረኝ? ማንም አልነገረኝም። ሀያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አፌ ከእጄ ይቀድም ነበር። ከዚያ ጸለይንላት፣ እልልም አልን። እሑድ ዕለት ልጁን መድረክ ላይ አውጥተን ባረክነው። አዲስ ጫማ አድርጎ ነበር፤ እሱን እያየ ነው የጸለይንለት።

ሁለት ዓመት ፎቶ መጣ። ከዚያ ኤጀንሲው ተዘጋ፤ ቢሮው የጨርቅ መሸጫ ሆነ። እሷ ግን በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት እየመጣች «ፓስተር፣ ወረቀት አልመጣም?» ትለኝ ነበር። እኔ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወርኩ በኋላ ደግሞ በስልክ ትጠይቀኛለች።

ወገኖቼ፣ ይህች ሴት ሞኝ አይደለችም። ይህን በደንብ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። በአገራችን ጉዲፈቻ አዲስ ነገር አይደለም። ቃሉ ራሱ ከኦሮሞ ወገኖቻችን የመጣ ነው፤ በሌላውም አካባቢ የጡት ልጅ የሚባል ሥርዓት ነበር። በእኛ ልማድ በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ሁለት ቤት ይኖረዋል እንጂ አንዱ ቤት አይፈርስበትም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ይላል፦ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። በአሜሪካ ሕግ ግን የጉዲፈቻ ውሳኔ ሲሰጥ ከወላጅ ጋር ያለው የሕግ ዝምድና ይቆረጣል። አዲስ የልደት የምስክር ወረቀት ይወጣል፤ በእናት ስም ቦታ ላይ የአሳዳጊዋ ስም ይጻፋል። እንግዲህ አያችሁ? አንዲት እናት ጉዲፈቻ ብላ አሻራዋን አደረገች፤ በዚያ ወገን ያሉት የተቀበሉት ሌላ ነገር ነው። እሷ አልዋሸችም፣ አብዛኞቹ አሳዳጊዎችም አልዋሹም። በመካከል ሁለቱን ቋንቋ የምናውቅ ሰዎች ነበርን። ዝም አልን።

ቁጥሩም ትንሽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 የበጀት ዓመት ብቻ ከ2500 በላይ ልጆች ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ ሄደዋል፤ በዚያ ዓመት ከእኛ የበለጠ ልጅ የላከች አገር ቻይና ብቻ ነበረች። አውሮፓ የሄዱትም አሉ። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ሰነዶችን በጥንቃቄ ለማጣራት ሲል የሚያየውን ጉዳይ በቀን ወደ አምስት ዝቅ አደረገ። በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ አገር ዜጎች የሚሰጠውን ጉዲፈቻ ከለከለ። ብዙዎቻችን «እንኳን ተዘጋ» አልንና ነገሩን ረሳነው። ሕጉ ግን መሄድን አቆመ እንጂ የሄዱትን አልመለሰም። እነዚያ ልጆች ዛሬ ጎረምሶችና ኮረዶች ናቸው፤ የወለዱም አሉ። «እናቴ ማን ናት?» የሚሉበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ለኮንፈረንስ ተጋብዤ ነበር። እሑድ ጠዋት አንድ ነጭ ባልና ሚስት ሁለት ሐበሻ ሴቶች ልጆች ይዘው ገቡ፤ ታላቂቱ አሥራ ሦስት ብትሆን ነው። ሕዝቡ በሙሉ ዞረ። ከአምልኮ በኋላ እናቶች ከበቧቸው፤ በፍቅር ነው፣ አልክድም። ግን የወጣውን ቃል ስሙት። «ውይ የኔ ቆንጆ፣ አማርኛ አትችይም? እንዴት ረሳሽው!» «ፀጉሯን ምን አደረጓት በሞቴ!» አንዷ ደግሞ በእንግሊዝኛ «የእውነት እናትሽ የት ናት?» አለቻት። ልጅቷ ጫማዋን ማየት ጀመረች። አሳዳጊ እናቷ የሳቁት በእሷ እንደሆነ ገብቷታል፤ ፊቷ ቀላ። ቡናው ሳይፈላ ሄዱ።

ያቺ አሳዳጊ እናት ለምን መጥታ ነበር መሰላችሁ? ፀጉር የሚሠራላት፣ ምግብ የሚያሳያት፣ ለልጆቿ እነሱን የሚመስል ሰው ፍለጋ ነው። በር አንኳኩታ ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ ጉባኤ አንዲት እህት ዝም አላለችም። ስልካቸውን አፈላልጋ አገኘችና ይቅርታ ጠየቀች። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ቤታቸው እየሄደች የልጆቹን ፀጉር ሹሩባ ትሠራ ጀመር። ሹሩባ ጊዜ ይወስዳል፤ ሦስት ሰዓት አንዳንዴም አራት ሰዓት። በዚያ ሰዓት ልጅ ያወራል። ታላቂቱ የትውልድ መንደሯን ስም ያስታወሰችው በአንዱ ቅዳሜ ፀጉሯ እየተሠራ ሳለ ነው። ይህች እህት ስብከት አልሰበከችም፤ ማበጠሪያና ቅባት ይዛ ሄደች።

በውጭ የምትኖሩ ወገኖች፣ በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ካለ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ቡና አጠጧቸው። ልጁን ስለ አማርኛው አትፈትኑት። የሐበሻ ስሙ ካልተለወጠ በትክክል ጥሩት፤ ተለውጦ ከሆነም ራሱ የሚወደውን ጠይቁት። አስቴርም ሀደሳ የሚባል ሌላ ስም ነበራት፤ በሁለቱም ስሟ የእግዚአብሔር ልጅ ናት። እባካችሁ፣ መድረክ ላይ አውጥታችሁ «ከድህነት አውጥቶ እዚህ ያደረሰኝ ጌታ ይመስገን» አታስብሉት። እናቱን በሕዝብ ፊት ድሃ ብሎ እንዲመሰክር ማድረግ ምስክርነት አይደለም። «እድለኛ ነህ» የሚለውንም ቃል ተዉት። ልጁ ያጣውን የሚያውቀው እሱ ነው።

አሁን የምናገረው ለእኛ ለጴንጤዎቹ ነው፤ ትንሽ ይጎረብጣል። እኔ በመንፈስ ቅዱስ ኃይል የማምን፣ አጋንንት ሲወጡም በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ትራሱ ሥር ዳቦ የሚደብቅ ልጅ ጋኔን የለበትም፤ ርቦት ያውቃል። ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ፣ ሲያቅፉት የሚደርቅ፣ ያለ ምክንያት የሚዋሽ ልጅ ብዙ ጊዜ ሐዘን ላይ ነው። አንድ ጊዜ እናት ጠፍታበታለች፤ ሌላዋም እንዳትጠፋ ይፈራል። በእንዲህ ያለ ልጅ ላይ እጅ ጭኖ ከመጮህ በፊት ወደ ሐኪምና የጉዲፈቻ ልጆችን ጉዳት ወደሚያውቅ አማካሪ መላክ የእምነት ጉድለት አይደለም። ለመጸለይም ከፈለጋችሁ በለሆሳስ ጸልዩ፤ ልጁ ይሰማል።

ተግሣጽ በሚል ስምም ብዙ ክፉ ነገር ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት ከአገራችን የሄደች አንዲት ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ፣ ከቤት ውጭ፣ በረሃብና በብርድ ተጎድታ ሞተች። አሳዳጊዎቿ ክርስቲያን ነን የሚሉ ነበሩ፤ በ2013 ጥፋተኛ ተብለው ወኅኒ ወርደዋል። ይህን የማነሣው አሳዳጊን ሁሉ ለመጠርጠር አይደለም። እጅግ የሚወዱ፣ ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ዳር የሚቀመጡ አሉ፤ አውቃቸዋለሁ። ግን ብቻውን የቀረ ቤተሰብ ይከፋበታል። የደከመች አሳዳጊ እናት ከመስበሯ በፊት «ቅዳሜን ልጆቹን እኔ ጋ ተዪአቸው፣ ተኚ» የሚላት ሰው ያስፈልጋታል። ምልክት ካያችሁ ደግሞ፣ ማለት ልጁ ከሲታ ከሆነ፣ ከሌሎቹ ልጆች ከተለየ፣ ከቤት እንዳይወጣ ከተደረገ፣ «የሰው ቤት ጉዳይ ነው» አትበሉ። ለሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ደውሉ። ያቺ እህት ራቅ ብላ የቆመችው ለማየት ነው።

የወረቀት ነገርም አለ፤ ለስብከት ደረቅ ይመስላል፣ ግን ኋላ ሰው የሚያለቅሰው በእሱ ነው። ወደ አሜሪካ የገባ ልጅ ቪዛው አይ-አር-3 ከሆነ ዜግነቱን ያገኘው ሲገባ ነው። አይ-አር-4 ከሆነ ግን ጉዲፈቻው እዚያው አሜሪካ ፍርድ ቤት መጠናቀቅ ነበረበት፤ ያውም 18 ዓመት ሳይሞላው። አንዳንዱ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ቀርቷል፤ ልጁ አድጎ ሥራ ሲፈልግ ነው የሚታወቀው። የዜግነት የምስክር ወረቀት እጃቸው ላይ መኖሩን ጠይቋቸው። ከሌለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። ልጁ አድጎ አገሩን ማየት ከፈለገም በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህም ከአገር ሲወጣ የያዘው የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የፍርድ ቤት ውሳኔው ይጠቅሙታል። አሳዳጊዎች እነዚህን እንዳይጥሉ ንገሯቸው።

ወደ አገር ቤት ልመለስ። ልጅ የሰጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ይህን የሚያነብላችሁ ሰው ካለ አንድ ጊዜ ረጋ ብሎ ያንብብላችሁ። ያለቻችሁን ወረቀት ሁሉ በላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የውጭ አገር ጉዲፈቻ ይጸድቅ የነበረው አዲስ አበባ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ውሳኔው ላይ የመዝገብ ቁጥር አለ። እሱ ቁጥር ከጠፋባችሁ የልጁን ሙሉ ስም፣ የሄደበትን ዓመት፣ የኤጀንሲውንና የማሳደጊያውን ስም፣ የራሳችሁን ቀበሌ ጽፎ የሚይዝላችሁ ሰው ፈልጉ። ቤተሰብ ፍለጋ የሚባል፣ ወላጆችንና በጉዲፈቻ የሄዱ ልጆችን ያለ ክፍያ የሚያገናኝ መዝገብም አለ፤ ወጣቶቻችሁ በስልካቸው ያስመዝግቧችሁ። «ልጅሽን አግኝቼዋለሁ፣ ይህን ያህል ብር ላኪ» የሚል ሰው ከመጣ ግን ሳንቲም እንዳትሰጡ። ልጆቹም በዚያ በኩል እንዲሁ ይታለላሉ። ተገናኘን ካላችሁ በኋላ እንኳ የዲኤንኤ ምርመራ ይደረግ፤ ማንም አይቀየም። ልጁ ሲገኝም፣ በመጀመሪያው ስልክ ገንዘብ አትጠይቁት። ችግራችሁን አውቃለሁ። ግን ልጁ የሚፈልገው ለምን እንደሰጣችሁት መስማት ነው። እሱን ንገሩት፤ እውነቱን፣ ሳታሳምሩ።

ዛሬ የሟች ወንድማቸውን ልጆች ለመውሰድ የሚፈልጉ ወገኖችም ከአሜሪካም ከዱባይም ይደውሉልኛል። «ፓስተር፣ ልጁን የኔ ልጅ ነው ብዬ ባስመዘግብስ?» ይሉኛል። አይሆንም። ውሸት ነው፤ ኤምባሲም ሲጠራጠር ዲኤንኤ ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ ለእውነተኛው ጉዳያችሁም በሩ ይዘጋል። በጎን አስጨርሳለሁ የሚል ደላላ ካገኛችሁም ሽሹ። ለዚያ የምትከፍሉት ገንዘብ ለእናቲቱ የቤት ኪራይና ለልጆቹ ትምህርት ቤት ለስንት ዓመት እንደሚበቃ አስባችሁታል? ያዕቆብ 1፥27 ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች በአንድ ላይ ነው የጠቀሰው። እኛ ለያየናቸው። ልጁን ይዘን ሄድን፣ መበለቲቱን ጉሊት ላይ ተውናት። እኔ ያን ደብዳቤ በጻፍኩበት ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን ለድምፅ ማጉያ መዋጮ ታሰባስብ ነበር። የዚያች ሴት ችግር ከድምፅ ማጉያው አንሶ ነበር። አንድም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ «ልጁ ከሚሄድ እኛ እንርዳት» አላለም።

ከእናትም ከዘመድም ጋር መኖር የማይችሉ ልጆች ደግሞ አሉ። ተጥለው የተገኙ ሕፃናት በከተማችን ማሳደጊያዎች ውስጥ ናቸው። ለኢትዮጵያዊ ባልና ሚስት በሩ ክፍት ነው፤ በጉዲፈቻ ወይም በአደራ ቤተሰብነት። መውለድ ያልቻላችሁ ወገኖች፣ በየኮንፈረንሱ የማኅፀን ጸሎት ሰልፍ ላይ የማያችሁ፣ እጸልይላችኋለሁ፤ አሁንም እጸልያለሁ። ግን ይህንንም አስቡበት። ልጁን ካሳደጋችሁ ደግሞ ጉዲፈቻ መሆኑን አትደብቁት። ጎረቤት ሳይነግረው እናንተ ንገሩት፤ በትንሽነቱ፣ እንደ ተረት። እግዚአብሔር እኛን በክርስቶስ ልጆቹ ሲያደርገን አልደበቀውም፤ ኤፌሶን 1፥5 ላይ በግልጥ አስጽፎታል።

ያቺን እናት እንዴት ሆነች ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ከቤተ ክርስቲያናችን ጠበቃ የሆነ ወንድም ጋር ሄጄ ስለ መዝገቡ ጠየቅሁ። ጊዜ ወሰደ፤ ተገኘ። የውሳኔውን ግልባጭ አወጣን። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ያን ጊዜ ያላነበብኩትን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ሄጄ አጠገቧ ተቀምጬ በቋንቋዋ አነበብኩላት። «ይመለሳል የሚል የለበትም እንዴ?» አለችኝ። የለበትም አልኳት። ይቅርታም ጠየቅኋት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ቡና አፈላችልኝ። የአሳዳጊዎቹ ስም ስላለ ደብዳቤ ጽፈናል፤ ስሟንም አስመዝግበናል። እስካሁን መልስ የለም። ልጁ ዛሬ ሀያ አንድ ዓመቱ ነው። በየሰኞው ትደውልልኛለች፤ አሁን ሁልጊዜ አነሣለሁ።

እባካችሁ አብራችሁኝ ጸልዩ።

አባት ሆይ፣ የዚህን ልጅ ስም አንተ ታውቃለህ፤ ሁለቱንም ስሞቹን። ዛሬ ባለበት ቤት ጠብቀው። ያሳደጉትን ባርክ፤ ደብዳቤው እጃቸው ሲገባ አትፍሩ በላቸው። እናቱን እስከዚያ ቀን አቆያት፣ ጉልበቷንም አበርታ። የሰው ወረቀት ሳላነብ ማኅተም ያደረግሁበትን እጄን ይቅር በል። ይህን የሚያነቡ ወገኖቼ በመንገዳቸው የሚያገኙትን ልጅ እንዲያዩ ዓይናቸውን ክፈት። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።